ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ለእርሻ የሚሆን ፒክአፕ እና ትራክተር ምረጡልኝ

የአርሲ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ቤተሰቦቼ አሰላ አካባቢ ስንዴና የቢራ ገብስ ያመርታሉ። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ በየሳምንቱ ወደ እርሻው እመላለሳለሁ። አሁን ያገለገለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ልገዛ ነው። ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንዱ ከዱባይ የገባ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር ነው። ሌላው 2.5 ናፍጣ፣ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ያለው። የተመረቱበት ዓመት ተቀራራቢ ነው፤ ናፍጣው ግን ዋጋው ጠንከር ይላል። ቤንዚኑ ሲነሳ ድምፁ እንኳ በደንብ አይሰማም፤ ነድቼው በጣም ወድጄዋለሁ።

ጭነቴ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የትራክተር ዕቃ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እርሻው የሚያስገባው መንገድ ክረምት ላይ ጭቃ ብቻ ነው። ለዚህ የትኛው ይሻላል?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እስካሁን የምናሳርሰው በኪራይ ትራክተር ነው። አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋጥቶ አንድ ለመግዛት እያሰበ ነው። ለመሆኑ ትራክተር ሁሉ ለምን ናፍጣ ሆነ? በቤንዚን የሚሠራ አነስ ያለ የለም?

መካኒክ ቂርቆስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሁለቱን ሞተር አሠራር ላስረዳህ፤ ከዚያ ምርጫው ይቀልልሃል።

ቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ይጨምቅና በካንዴላ ያቀጣጥለዋል። የሚጨምቀው ከ9 እስከ 11 እጥፍ ያህል ነው። ብዙ ልጨምቅ ካለ ነዳጁ ካንዴላው ሳይተኩስ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩም መምታት ይጀምራል። ናፍጣ ሞተር የሚተኩስ ካንዴላ የለውም። አየር ብቻ ያስገባና ከ15 እስከ 22 እጥፍ ይጨምቀዋል። አየሩ ከመጨመቁ የተነሳ ይግላል። ኖዝሉ ናፍጣውን ሲረጭበት ያኔውኑ ይነዳል። ይህን ግፊት ለመቻል ብረቱ ወፈር ማለት አለበት። ናፍጣ ሞተር ከባድም ውድም የሆነው ለዚህ ነው።

ጥቅሙም ከዚያው ይመጣል። ብዙ የጨመቀ ሞተር ከአንድ ጠብታ ነዳጅ ብዙ ሥራ ያወጣል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይይዛል። ስለዚህ 2.7 ቤንዚኑ በሊትር 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ቢሄድልህ፣ 2.5 ናፍጣው በተመሳሳይ መንገድ 11 ወይም 12 ይሄዳል። ጭነት ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

ስለ ጉልበት ደግሞ ቁጥር ልስጥህ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው 2.4 ናፍጣ ሃይሉክስ ከባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ጋር 343 ኒውተን ሜትር (የማሽከርከር ጉልበት መለኪያ ነው) አለው። ይህን በደቂቃ ከ1,400 ዙር ጀምሮ ይሰጥሃል። 2.7 ቤንዚኑ ያለው 245 ነው፤ እሱንም የምታገኘው 4,000 ዙር አካባቢ ስትደርስ ነው። አንተ ባየኸው 2.5 ላይም አካሄዱ እንደዚሁ ነው። ጭቃ ውስጥ 4,000 ዙር ማለት ጎማው በባዶ ይሽከረከራል ማለት ነው። ናፍጣው ግን ቀስ እያለ እየረገጠ ይወጣል።

ለአንተ ሥራ የኔ ምርጫ ናፍጣ ነው።

ሰርቪስ አዳማ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ጠያቂው የሚኖረው አዳማ ነው፤ እርሻ ቦታ አይደለም። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው የሚውለው። በሳምንት አንድ ቀን ለሚሆን ጭቃ ስድስት ቀን የናፍጣ ጣጣ ለምን ይሸከማል?

የናፍጣ ጣጣ ስል ወጪውን ነው። የቤንዚኑ ካንዴላ ቢበላሽ የትም ሱቅ አለ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። የኮመንሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው አዲሱ ዓይነት) ናፍጣ ኖዝል ቢበላሽ ግን አራቱንም አስፈትሽ ትባላለህ። ፖምፓው ከተነካ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ቱርቦም አለው፤ እሱም አንድ ቀን ዕቃ ይጠይቃል። 2.7ቱ ቱርቦ የለውም። ታይሚንጉም (ባልቦላዎቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስተባብረው) በካቴና ነው። የ2.5 ናፍጣው በቺንጋ ስለሆነ በጊዜው ካልተቀየረ ሲበጠስ ባልቦላዎቹን ይዞ ይሄዳል።

በኛ አገር የቤንዚንና የናፍጣ ዋጋ ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ትርፉ የሚመጣው ከኪሎ ሜትሩ ብቻ ነው። ብዙ ለማይነዳ ሰው ያ ትርፍ የግዢውን ልዩነት ሳይመልስ መኪናው ያረጃል። እኔ ብሆን ቤንዚኑን ገዝቼ በቀረው ብር አራት ጥሩ የጭቃ ጎማ አስገባለት ነበር።

የቦቴ ሹፌር፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን ነዳጁን ረሳችሁት። እኔ ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ነዳጅ የማመላልስ ሰው ነኝ። ከወደብ የሚቀዳው ነዳጅ ንጹሕ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከማራገፊያው በኋላ ነው። የቆየ የማደያ ታንከር ሥሩ ላይ ውሃና ዝቃጭ ይኖረዋል። ክረምት ሲሆን ይብሳል። ወደ ገጠሩ ስትገባ ደግሞ ነዳጁ በበርሜልና በጀሪካን ነው የሚሸጠው። ነጭ ጋዝ ርካሽ በነበረበት ዘመን ናፍጣ ውስጥ የሚቀላቅሉ ነበሩ፤ ብዙ ፖምፓ በዚያ ተበልቷል። ናፍጣ ለፖምፓው ነዳጅም ዘይትም ነው። ነጭ ጋዝ ያ ቅባት የለውም፤ ብረት በብረት ይፋተጋል።

የድሮው ናፍጣ ሞተር ይህን ሁሉ ችሎ ይሄድ ነበር። የአሁኑ ኮመንሬል ግን አይምርም። ኖዝሉ የሚረጭባት ቀዳዳ እጅግ የቀጠነች ናት፤ ግፊቱም ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል። አንዲት ጠብታ ውሃ ትበቃዋለች።

ስለዚህ ናፍጣ ከገዛህ ይህን ልመድ። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለች። ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ የሚያሳይ የውሃ ላስቲክ ከሥር ያዝና ፈታ አድርጋት። ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጫን ጫን ስታደርግ ይወርዳል። ላስቲኩን ብርሃን ላይ ያዝና ትንሽ ጠብቅ። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፤ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪመጣ አፍስስና አጥብቀው። ይህን የሚያደርግ ሹፌር ኖዝል ቶሎ አይቀይርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማደያው ውስጥ ቦቴ እያራገፈ ካየህ አትቅዳ። ዝቃጩ የሚነሳው ያኔ ነው።

ሮቤ፦
ሰላም፣ ከባሌ ነኝ። አንድም ሰው ስለ ከፍታ አላነሳም፤ ለአሰላ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። የ2.7ቱ 245 ኒውተን ሜትር አሰላ ላይ ወደ 185 ይወርዳል ማለት ነው። ዱባይ ላይ ይሄ ችግር የለም፤ ባሕር ዳርቻ ናት። እዚያ ሲነዳ ፈጣን የነበረው መኪና እዚህ ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ ለምን እንደሚለምን ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። መኪናው አልተበላሸም፤ የሚተነፍሰው አየር አንሶት ነው።

ቱርቦ ያለው ናፍጣ ይህ ብዙም አይሰማውም። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው በፍጥነት እየዞረ የጎደለውን ይሞላለታል። እኛ ጋ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው ሁሉ የሳነቴን አምባ ማቋረጥ አለበት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ቱርቦ ያለውና የሌለው መኪና ጎን ለጎን ሲወጡ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፖምፓው ቆላ ላይ የሚረጨውን ያህል ደጋም ላይ ይረጫል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ነዳጅም ይበላል። ደጋ ላይ የሚውል ከሆነ ፖምፓውን ባለሙያ ቢያስተካክለው ይሻላል። ኢንጄክሽን ያለው ቤንዚን ግን ልኩን ራሱ ያስተካክላል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አያጨስም።

አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። መኪናዎቹን የሞከርካቸው አዳማ ከሆነ፣ አንድ ቀን ቤንዚኑን ጭነህ ወደ አሰላ ይዘኸው ውጣ። በኢተያ በኩል ያለው ዳገት መልሱን ይሰጥሃል።

የአርሲ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከፍታውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ባለቤቱ ከፈቀደልኝ ጭኜ እሞክረዋለሁ። ስለ ትራክተሩስ የምታውቁ የላችሁም? አባቴ ማሴ (ማሴ ፈርጉሰን) ነው የሚፈልገው።

ጋሼ ማሴ፦
ልጄ፣ አባትህ ልክ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በትራክተር ላይ ነው። መጀመሪያ በመንግሥት እርሻ፣ በኋላም በግል። ትራክተር የለመድነው ካዱ (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት) ወደ አሰላ ከመጣ በኋላ ነው፤ በስዊድን ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. ገደማ። በደርግ ዘመን ደግሞ ናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ ቤላሩስ ይገጣጠም ነበር። ማሴም፣ ፊያትም፣ ቤላሩስም ነድቻለሁ። ሁሉም ናፍጣ ናቸው፤ ምክንያትም አለው።

መኪና ሲነዳ ያርፋል። ቁልቁለት አለ፣ ሜዳ አለ፣ እግርህን ታነሳለህ። ትራክተር ማረሻ ከጣለ በኋላ ዕረፍት የለውም። ከጠዋት እስከ ማታ እንደተጫነ ነው። ቤንዚን ሞተር እንዲህ ሲጫን ይግላል፣ ነዳጁንም ይጠጣዋል። ናፍጣ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። መረሬ ስታርስ አፈሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ላላ ብሎ ሲሄድ ይቆይና ድንገት ዲስኩ ጠንካራ ቦታ ያገኛል። ያን ጊዜ ሞተሩ ዙሩ ይወርዳል። ጥሩ ናፍጣ ሞተር ዙሩ ሲወርድ ጉልበቱ ይጨምራል። ገቨርነሩም ወዲያው ናፍጣ ይጨምርለታል። ጭሱ ጠቆር ይላል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ከዚያ ያልፈዋል። አንተ ማርሽ ሳትነካ ማለት ነው። ቤንዚን ቢሆን ወይ ማርሽ ትቀንሳለህ ወይ ይጠፋብሃል።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። በፒክአፕ ላይ የሞተር ክብደት ጉዳት ነው። በትራክተር ላይ ጥቅም ነው። ትራክተር እንደ መኪና ሻንሲ የለውም፤ ሞተሩ ራሱ አካሉ ነው። ፊቱ ከከበደ ማረሻው ሲከብደው ወደ ላይ አይነሳም።

አባትህ ያረጀ ማሴ 135 ቢያገኝ አይናቀው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ 45 ፈረስ ጉልበት ገደማ። መለዋወጫው እስከ ዛሬ ይገኛል። ለብዙ ሄክታርና ለመረሬ ግን 375 ወይም 385 ይሻለዋል። አራት ሲሊንደር ናቸው፤ 75ና 85 ፈረስ ጉልበት።

ሚኒሶታ፦
ጋሼ፣ ጽሑፍዎን በደስታ ነው ያነበብኩት። እኔ አሜሪካ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። የወንድማችን ጥያቄ ታሪክም አለው፤ ትራክተር ሁልጊዜ ናፍጣ አልነበረም።

ወደ ፊትም ወደ ኋላም በደንብ የሄደው የመጀመሪያው የቤንዚን ትራክተር የተሠራው በ1892 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎረቤታችን አዮዋ ነው። ፎርድሰን በ1917 ሲወጣ በቤንዚን ተነስቶ በነጭ ጋዝ ይሠራ ነበር። ካተርፒላር የመጀመሪያውን ናፍጣ ባለ ሰንሰለት ትራክተር በብዛት ማምረት የጀመረው በ1931 ነው። የማሴ አያት የሆነው ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን እንግሊዝ አገር በ1946 የወጣው በቤንዚን ነበር፤ የናፍጣው በ1951 ተከተለ። ማሴ 135 ራሱ በ1964 ሲወጣ እዚህ አሜሪካ በቤንዚንም ይሸጥ ነበር።

አሜሪካ ላይ ቤንዚን ትራክተር ለረጅም ጊዜ የቆየው ነዳጁ ርካሽ ስለነበር ነው። የናፍጣ ሞተር መግዣው ውድ ነበር፣ በክረምቱ ብርድም ለማስነሳት ያስቸግር ነበር። ትራክተሮቹ እየገዘፉ ሲሄዱና በ1973 ነዳጅ ሲወደድ ጉዳዩ አከተመ። ዛሬ ጎረቤቴ ያለ ገበሬ ከ1950 አካባቢ የሆነ የቤንዚን ፎርድ 8ኤን አለው። በረዶ ይጠርግበታል፣ ለቀላል ሥራ ነው። የሚያርሰው ግን በናፍጣ ነው።

ፒክአፕ ላይ ግን አሜሪካ ከእናንተ ተቃራኒ ናት። አብዛኛው ፒክአፕ ቤንዚን ነው። ናፍጣ የሚገዛው ከባድ ተጎታች የሚጎትት ሰው ነው። በትልልቆቹ ፒክአፕ ላይ ናፍጣ ሞተር ልምረጥ ካልክ 10,000 ዶላር ገደማ ትጨምራለህ። ናፍጣው በሊትርም ከቤንዚን ይወደዳል።

ከዚህ ለቤተሰብ መኪና መላክ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልምከር። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ የአሜሪካ ናፍጣ ፒክአፖች ጭሱን የሚያጣራ ዲፒኤፍ አላቸው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ አብዛኞቹ የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ አውሮፓ አድብሉ የሚሉት ነው። ዩሪያው ካለቀ መኪናው ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያንን ፈሳሽ አሰላ ላይ ፈልጎ ማግኘት ለቤተሰብ ሸክም ነው። እንዲህ ያለ መኪና አትላኩ።

አዝመራ፦
ሰላም፣ በሰሜን ሸዋ የግብርና ባለሙያ ነኝ። "በቤንዚን የሚሠራ አነስ ያለ ትራክተር የለም ወይ?" ለሚለው እኔ ልመልስ። አለ፤ ግን ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል።

ከኋላ እየሄዱ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከ12 እስከ 15 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ያርሳል፣ ይዘራል፣ ውሃ ይስባል፣ ተጎታች ጋሪም ይጎትታል። ሌላው 7 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የሆነ የቤንዚን መኮትኮቻ ነው። ሁለት ሰው አንስቶ ከእርከን ወደ እርከን ያሻግረዋል። ለጓሮ አትክልት፣ ለሽንኩርትና ለድንች ማሳ በጣም ጥሩ ነው። ለስንዴ ማሳና ለመረሬ ግን አይሆንም። ቢሞከርም መሬቱን ይቧጥጠዋል እንጂ አይገለብጠውም።

የናፍጣው ብዙ ጊዜ በእጅ ማንቀሳቀሻ ነው የሚነሳው። ሞተሩ ላይ ግፊት የምታስለቅቅ ትንሽ እጀታ አለች። በግራ እጅ እሷን ይዞ በቀኝ ማንቀሳቀሻውን ማዞር ነው። ፍጥነት ሲያገኝ እጀታዋን መልቀቅ፤ ያን ጊዜ ይተኩሳል። አውራ ጣት ማንቀሳቀሻውን አቅፎ መያዝ የለበትም። ከሌሎቹ ጣቶች ጎን ነው የሚሆነው። ወደ ኋላ ከመለሰ አውራ ጣት ይሰብራል። ሥልጠና ስንሰጥ ከሁሉ በፊት የምናሳየው ይህን ነው።

አደራ የምለው ስለ ቤንዚን አቀማመጥ ነው። ናፍጣ ክብሪት ብትጥልበት በቀላሉ አይነድም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ድረስ የሚቀጣጠል ተን አያወጣም። ቤንዚን ግን በኛ አገር የትም ቦታ፣ በደጋው ብርድም ቢሆን፣ ተኑ ይቀጣጠላል። በየገጠሩ ቤንዚን በጀሪካን ተቀምጦ፣ ምድጃና ሰው የሚተኛበት ያው አንድ ቤት ይሆናል። ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ቤንዚን የምታስቀምጡ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ይሁን። ሞተር ውስጥ ለወራት የተተወ ቤንዚንም ካርቡራተሩን ይደፍናል። ሥራ ሲያልቅ የነዳጁን መዝጊያ ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት።

ሌላው የነዳጅ አቅርቦት ነው። ማደያ በጀሪካን ስለማይቀዳ ለትራክተር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። የእርሻ ወቅት ከመድረሱ በፊት ከወረዳ ግብርና ጨርሱት። ዝናቡ ከገባ በኋላ ሁሉም ነው የሚሰለፈው።

መተማ፦
ከቆላ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ሰሊጥና ማሽላ ነው፤ ርቀቱ ብዙ ነው፣ ሙቀቱም ከባድ። እዚህ የምናምነው ላንድክሩዘር ፒክአፑን ነው፤ ያንን 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ጉልበቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፣ 285 ኒውተን ሜትር ብቻ። ግን የገጠር መካኒክ በቁልፍና በመዶሻ ይጠግነዋል። የድሮ ካርቡራተር ያለው ቤንዚን በዚህ ሙቀት ነዳጁ መስመር ላይ ተንኖ መንገድ ላይ ያቆምሃል። ናፍጣ እንዲህ አያደርግም። ከፍታም የለብንም፣ ስለዚህ ቱርቦ አለመኖሩ አይጎዳንም። ለአሰላ ግን ሮቤ ያለው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ሰርቪስ አዳማ፦
ስለ ከፍታው ያለውን ተቀብያለሁ። ጭነት ተሸክሞ አዘውትሮ አሰላ የሚወጣ ከሆነ ቱርቦው ዋጋ አለው። ስለ ከተማው ግን አቋሜ ያው ነው። ናፍጣ ሳይሞቅ እየተነሳ እየጠፋ ሲውል ጥላሸት ይጠራቀምበታል። ጠያቂው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ይጠረግለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው ናፍጣ ግዛ ባላለው ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መካኒክ። ናፍጣ ቁልቁለት ላይ በሞተር ይይዛል ሲሉ እሰማለሁ። ዓባይ በረሃን የወረድኩባቸው ናፍጣዎች ግን እንደ ቤንዚኑ አልያዙልኝም። ምንድን ነው?

መካኒክ ቂርቆስ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልክ ነህ። ቤንዚን ሞተር እግርህን ስታነሳ የአየር መግቢያው ይዘጋል። ፒስቶኖቹ በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ሲታገሉ መኪናው ይያዛል። ናፍጣ ላይ አየሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የጨመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚይዘው ትንሽ ነው። አይሱዙና ትልልቅ መኪኖች ጭስ መውጫቸው ላይ የሚዘጋ ፍሬን የተገጠመላቸው ለዚህ ነው። ፒክአፕ ያ የለውም። ስለዚህ በናፍጣ ፒክአፕ ጭነህ ስትወርድ ገና ከላይ ማርሽ ቀንስ። ወደ ዳገት የምትወጣበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ታች ሳትደርስ ይግላል፣ ከዚያ አይዝም።

የአርሲ ልጅ፦
ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ቤንዚኑን ጭኜ ሞከርኩት፤ ከአባቴ ጋር ወደ አሰላ ወጣሁ። ሜዳው ላይ በጣም ጥሩ ነው። ዳገቱ ላይ ግን ሮቤ እንዳልከው ሆነ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። አባቴ ምንም አላለም፣ አየኝ ብቻ።

ናፍጣውን ልገዛ ወስኛለሁ። ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ? ትራክተሩን በተመለከተ አባቴና ጎረቤቶቹ ያገለገለ 375 እያፈላለጉ ነው። ጋሼ፣ ናፍጣ ሲያልቅበት አየር ይገባበታል ይላሉ፤ እንዴት ነው የሚወጣው?

መካኒክ ቂርቆስ፦
መኪናውን ለማየት ስትሄድ ባለቤቱ ቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅህ ንገረው። ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን በእጅህ ንካ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከዚያ አስነሳ። ቶሎ ካልተነሳ ወይም ሲነሳ ነጭ ጭስ አውጥቶ እስኪሞቅ ከተንቀጠቀጠ ኖዝል ወይም መጨመቁ ላይ ችግር አለ። ሲሞቅ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየበላ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያ ክዳኑን ፈትተህ ቀዳዳው ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለም። ከዘለለ ወይም ጭስ እንደ ባቡር ከወጣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፤ ተወው። የዘይቱንም መለኪያ አውጥተህ እይ። ናፍጣ ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው፤ ወፍሮ እንደ ሬንጅ ከሆነ ግን ፍራ። ከኖዝሉ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያረጅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ ዘይቱ ይረጋና የዘይት ፖምፓውን መሳቢያ ይደፍናል። ሞተር ያለ ዘይት ይቀራል።

ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ፣ አልተቀየረም ብለህ ቁጠረውና ገዝተህ እንደወጣህ ቀይረው። ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ ተደራደርበት።

ጋሼ ማሴ፦
ልጄ፣ አየር ማውጣቱ ቀላል ነው፤ መቸኮል ግን አይወድም። መጀመሪያ ናፍጣውን ሙላ። ከዚያ ከፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ አድርግ፤ ጨርሰህ አታውጣት። ከሞተሩ ጎን ያለችውን የናፍጣ መሳቢያ እጀታ በጣትህ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጋት። አንዳንዴ እጀታዋ ላላ ብላ ምንም አትስብም። ያን ጊዜ ሞተሩን በሞተሪኖ ትንሽ አዙርና ድገም፤ ከውስጥ ያለው ካም ተጭኗት ነው።

ከብሎኗ ሥር መጀመሪያ አረፋ ይመጣል፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ። ጥርት ሲል እጀታዋን እየመታህ አጥብቃት። ቀጥለህ ኢንጄክሽን ፖምፓው ላይ ያሉትን ብሎኖች እንደዚሁ አድርግ። መጨረሻ ላይ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ ላላ አድርግና አንድ ሰው ሞተሩን ያዙርልህ። ናፍጣው ፊጭ ሲል አጥብቅ። እጅህን ወደዚያ አታስጠጋ፤ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። ከዚያ ይነሳል።

የቦቴ ሹፌር፦
እንኳን ደስ አለህ። አንድ አደራ አለኝ። ቤት ውስጥ ሌላ ቤንዚን መኪና ካላችሁ ወይም ሌላ ሰው ሊቀዳልህ የሚሄድ ከሆነ፣ የታንከሩ ክዳን ላይ "ናፍጣ" ብለህ በትልቁ ጻፍበት። ማደያ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቀጂው ይቸኩላል። በስሕተት ቤንዚን ከገባ ሞተሩን አታስነሳ፤ ቁልፉንም አትክፈት። እዚያው አስገፍተህ ወደ ጥግ አውጣውና ታንከሩን አስራግፍ። ሳይነሳ ከተራገፈ ጉዳቱ የነዳጁ ዋጋ ብቻ ነው።